ኮምፒዩተሩ ተጠገነ፤ የዊንዶውስ ፈቃዱስ? ሁለት ጊዜ ከመክፈላችሁ በፊት

ብዙ ቤተሰብ የሚያጋጥመው ነገር ነው። የልጆች ኮምፒዩተር ይበላሻል ወይም ያረጃል፤ ወደ ጥገና ሱቅ ይወሰዳል። ባለሙያው የውስጥ ዕቃ ቀይሮ ሒሳቡን ይቀበላል። ኮምፒዩተሩ ቤት ገብቶ ሲከፈት ግን፣ በማያ ገጹ ታችኛ ጥግ ላይ ዊንዶውስ ፈቃዱ እንዳልተረጋገጠ የሚናገር ጽሑፍ ይወጣል። በዕብራይስጥ «ሃፍዓላ» የሚለው ቃል ያለበት ነው። ሱቁ ሲጠየቅ «አዲስ ሪሻዮን መግዛት አለባችሁ» ይላል። አንዳንድ ጊዜ ይህ ክፍያ ተገቢ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን አንዴ ለከፈላችሁበት ነገር ዳግመኛ መክፈል ነው። ልዩነቱን ማወቅ ከባድ አይደለም።

መልእክቱ ምን ማለት ነው?

ዊንዶውስ ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም ነው። ስንገዛው የምንገዛው በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የመጠቀም ፈቃድ ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤክስፒን ካወጣበት ከ2001 ጀምሮ፣ ፕሮግራሙ ያ ፈቃድ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር እንዳልተቀዳ ራሱ ይመረምራል። የሚያውቀው የኮምፒዩተሩን የውስጥ ዕቃዎች በመመዝገብ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩበት ትልቁ ሰሌዳ፣ በዕብራይስጥ «ሉዋሕ ኤም» የሚባለው ማዘርቦርድ ነው። እሱ ሲቀየር ዊንዶውስ ሌላ ኮምፒዩተር ውስጥ የገባ ይመስለዋል።

ስለዚህ መልእክቱ ኮምፒዩተሩ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ እናንተም ሕግ ጣሳችሁ ማለት አይደለም። ፎቶዎችና ሰነዶች በዚህ ምክንያት አይጠፉም። ጽሑፉ አይለቅም፣ የማያ ገጹን ሥዕልና ቀለም መቀየርም ይከለከላል፤ ነገር ግን ልጁ የቤት ሥራውን መሥራት ይችላል። «ዛሬውኑ ካልከፈላችሁ ሁሉም ይጠፋል» የሚላችሁ ሰው ቢኖር አትቸኩሉ።

የትኛው ዕቃ ሲቀየር?

ራም የሚባለው ማስታወሻ ሲጨመር አብዛኛውን ጊዜ ችግር አይፈጠርም። ዲስክ ሲቀየርም ፈቃዱ አብሮ አይሄድም። በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው በሚሸጡ ኮምፒዩተሮች ላይ የፈቃዱ ቁልፍ የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ ውስጥ ነው። በአዲሱ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ ሲጫን ቁልፉን ራሱ ያገኘዋል።

ዲስክ ብቻ ተቀይሮ መልእክቱ ከመጣ፣ አንድ የተለመደ ምክንያት ተመልከቱ። ፈቃዳችሁ «ሆም» ለሚባለው ዓይነት ሆኖ ሳለ ባለሙያው «ፕሮ» የሚባለውን ጭኖ ይሆናል። መፍትሔው ትክክለኛውን ዓይነት እንዲጭን መጠየቅ እንጂ አዲስ ፈቃድ መግዛት አይደለም።

የእናንተ ፈቃድ ምን ዓይነት ነው?

ማዘርቦርድ ሲቀየር መልሱ በፈቃዱ ዓይነት ይወሰናል።

የመጀመሪያው ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣ ፈቃድ ነው። ከሱቅ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የተሸጡ ላፕቶፖች በዚህ ውስጥ ናቸው። ይህ ፈቃድ ከዚያ ኮምፒዩተር ጋር የታሰረ ስለሆነ ወደ ሌላ አይዛወርም። ነገር ግን ማዘርቦርዱ ተበላሽቶ አምራቹ በተመሳሳይ ወይም በተመጣጣኝ ከተካው አዲስ ፈቃድ መግዛት አያስፈልግም። በዋስትና፣ ማለትም በ«አሐራዩት» ጊዜ የተጠገነ ኮምፒዩተር መልእክቱን ካሳየ ወደ ጠገነው አካል መልሱት። የተሻለና ፈጣን ይሁን ተብሎ ሌላ ዓይነት ማዘርቦርድ ከተገባ ግን አዲስ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛው ለብቻው የተገዛ ፈቃድ ነው። 25 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት፣ በአምስት በአምስት የተከፈለ ቁልፍ አለው። ይህ የእናንተ ነው፤ በአንድ ጊዜ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ እስከሆነ ድረስ ወደ አዲሱ ይዛወራል። ቁልፉን የያዘውን ወረቀት ወይም ኢሜይል አትጣሉ።

ሦስተኛው ለድርጅቶችና ለትምህርት ቤቶች በብዛት የሚሰጥ ነው። ይህ ለግለሰብ አይሸጥም።

ከጥገናው በፊት

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው፣ ኮምፒዩተሩ ገና እየሠራ ሳለ የሚደረግ ነገር አለ። የሚረዳችሁ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካለ አብራችሁ ተቀመጡ።

1. በዊንዶውስ 11 «ሃግዳሮት»፣ ቀጥሎ «መዓሬኸት»፣ ከዚያ «ሃፍዓላ» የሚለውን ክፈቱ። ፈቃዱ የተረጋገጠ መሆኑን አይታችሁ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሱት።

2. ኮምፒዩተሩን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር አገናኙ። አካውንቱ የቤተሰቡ ይሁን፤ የባለሙያው አይሁን። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፋችሁ ከቤት ሰነዶች ጋር አስቀምጡ። ልጁ ሠራዊት ከገባ በኋላ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው እንዳይጠፋ።

3. ቢትሎከር የሚባል መቆለፊያ መኖሩን ጠይቁ። እሱ ካለ ማዘርቦርድ ሲቀየር ኮምፒዩተሩ 48 አኃዝ ያለው ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። ከጠፋ የተቆለፉት ፎቶዎችና ሰነዶች አይከፈቱም። ከፈቃዱ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው።

4. አስፈላጊ ፎቶዎችንና ሰነዶችን በሌላ ዲስክ ላይ ቅዱ።

5. ሱቁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ማዘርቦርድ ይቀየራል? ከተቀየረ የዊንዶውሱ ፈቃድ በዋጋው ውስጥ አለ? መኮሪ ነው?» መልሱን በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ያስጽፉ። በአፍ የተባለ ነገር በኋላ ለማስረዳት ያስቸግራል።

ከጥገናው በኋላ

መልእክቱ ከመጣ፣ በዚያው «ሃፍዓላ» ገጽ ላይ «ፒትሮን በዓዮት» የሚለውን ተጫኑ። በቅርቡ የውስጥ ዕቃ መቀየሩን የሚገልጸውን ምረጡ፣ በአካውንታችሁ ግቡ፣ ከሚታየው ዝርዝር ኮምፒዩተራችሁን ለዩ። ይህ የሚሠራው አካውንቱ ከጥገናው በፊት ከተገናኘ ነው። ሲሳካ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያበቃል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ስለዚህ ብዙዎች ወደ ዊንዶውስ 11 ለማለፍ ዕቃ ይቀይራሉ። ኮምፒዩተሩ መስፈርቱን ካሟላና የተረጋገጠ የዊንዶውስ 10 ፈቃድ ካለው፣ ወደ 11 ማለፍ በነፃ ነው። የድሮ የዊንዶውስ 7 እና 8 ቁልፎች ግን ከመስከረም 2023 ወዲህ ለዚህ አያገለግሉም።

ከእነዚህ ተጠንቀቁ

በኢንተርኔት በጥቂት ሸቄሎች የሚሸጡ ቁልፎች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለድርጅት የተሰጡ ወይም ብዙ ጊዜ የተሸጡ ናቸው፤ ዛሬ ሠርተው ነገ ሊሰረዙ ይችላሉ። ልጆች በነፃ የሚያወርዷቸው ፈቃድ ሰባሪ ፕሮግራሞችም የባንክ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ ሊይዙ ይችላሉ።

በማያ ገጹ ላይ ስልክ ቁጥር ይዞ «አሁኑኑ ደውሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ አትደውሉ። ማይክሮሶፍት በስህተት መልእክቶቹ ላይ ስልክ ቁጥር አያስቀምጥም። ደውላችሁ ወይም ሰው ኮምፒዩተራችሁ ውስጥ አስገብታችሁ ከሆነ፣ ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ ለባንካችሁ ንገሩ፤ ለብሔራዊ የሳይበር መሥሪያ ቤትም በ119 ደውሉ።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1981 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ነጋዴ በዋና ጉዳይ ላይ ሸማቹን እንዳያሳስት ይከለክላል። መኮሪ ፈቃድ ብሎ አስከፍሎ የማይሠራ የሰጠ ሱቅ ሊጠየቅ ይችላል። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ኮምፒዩተር በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ዕድሜው 65 ለሞላ፣ የአካል ጉዳት ላለበት ወይም 5 ዓመት ላልሞላው አዲስ ገቢ፣ ሻጩ አነጋግሮት ከሆነ ጊዜው 4 ወር ነው። ይህ የመሰረዝ መብት ግን በኢሜይል ለሚላክ የፕሮግራም ቁልፍ አይሠራም። ስለዚህ ለቁልፍ ከመክፈላችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ።

ሐሽቦኒቱን፣ የዋጋ ማቅረቢያውንና ያነሳችሁትን ፎቶ በአንድ ላይ አስቀምጡ። መጀመሪያ ለሱቁ በጽሑፍ አመልክቱ። መልስ ካላገኛችሁ ለሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ማመልከት፣ ያለ ጠበቃም ወደ ትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።