«አምኗል» ማለት ተፈረደበት ማለት አይደለም

በሞላሌም ሆነ በሌላው የመንዝ ከተማ በግ ሰርቋል ወይም ሰው ጎድቷል ተብሎ የተጠረጠረ ሲያዝ፣ «ፖሊስ ጣቢያ አምኗል» የሚል ወሬ ከተሰማ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ሕጉ ግን አላለቀም ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19(5) የተያዘ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ የሚሆን የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንደማይገደድ ይደነግጋል፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም።

«ካልተመታ ወዶ ነው ያመነው» የሚለው እምነት ከሁሉ ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 31 ግን ዱላን ብቻ አይደለም የከለከለው፤ ማባበልን፣ ማስፈራራትንና የተስፋ ቃል መስጠትንም ነው። አዝመራው ሳይሰበሰብ ለታሰረ ገበሬ «እመንና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ» ማለት ከአለንጋ የሚያንስ ግፊት አይደለም። በአንቀጽ 27 መሠረት ደግሞ መርማሪው ለተጠርጣሪው መልስ ላለመስጠት መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። ቃሉ በፍርድ ቤት ሲመዘገብም፣ በአንቀጽ 35 መሠረት ዳኛው ተጠርጣሪው በፈቃዱ መናገሩን ሳያረጋግጥ መመዝገብ አይችልም። መርማሪው አጠገቡ ቆሞ ሳለ «ወደህ ነው?» ብሎ ማለፍ፣ በእኔ እምነት፣ ማረጋገጥ አይባልም።

«ንጹሕ ሰው ያላደረገውን ለምን ያምናል?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1989 በኒው ዮርክ ታዳጊ ወጣቶች ለረጅም ሰዓት ከተመረመሩ በኋላ በአስገድዶ መድፈር ተሳትፈናል ብለው ቃል ሰጡ፤ ተፈርዶባቸውም ታሰሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሌላ ሰው ድርጊቱን አመነ፣ የተገኘው ዲኤንኤም የእሱ መሆኑ በምርመራ ታየ፤ የወጣቶቹም ፍርድ ተሻረ። የእኛም አባቶች አውጫጭኝ በሚባለው ሸንጎ ተቀምጠው፣ በዳዩ እስኪታወቅ አትበተኑም ሲባሉ፣ ግፊት ስም እንደሚያስጠራ አይተዋል። የተጠራው ስም የጥፋተኛው ስለመሆኑ ግን ግፊት ዋስትና አይሰጥም።

«ታዲያ ወንጀለኛ ያምልጥ?» ለሚለው ስጋት መልሱ፣ የሚወድቀው ቃሉ እንጂ ክሱ አለመሆኑ ነው። ምስክርና ኤግዚቢት ካለ ዐቃቤ ሕግ ያቀርባል። ተከሳሹ ችሎት ላይ ክሱን ሙሉ በሙሉ ቢያምን እንኳ፣ ፍርድ ቤቱ ማስረጃ ይቅረብ ብሎ ማዘዝ እንደሚችል የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 134 ይደነግጋል። በሌላ በኩል የሚያሰቃይ መርማሪ ራሱ ወንጀለኛ ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 በከባድ ሁኔታ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣዋል።

ዘመድዎ ከተያዘ፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ተገዶ ቃል ሰጥቶ ከሆነ ያን ቀን ለዳኛው ይናገር፤ አቤቱታውም መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቅ።