መድኃኒት፣ የምክክር ሕክምናና የዕለት ኑሮ፦ የአእምሮ ጤና ከካንጋተን ሲታይ

«ለአእምሮ ሕመም የሚበጀው መድኃኒት ነው ወይስ የምክክር ሕክምና?» የሚለው ጥያቄ ለሥነ ልቦና ባለሙያ በተደጋጋሚ ይቀርባል። በደቡብ ኦሞ የኛንጋቶም ወረዳ ማእከል ከሆነችው ከካንጋተን ሆኖ ለሚያየው ግን ጥያቄው አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ይኸውም የታማሚው ኑሮ ነው። ከብቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀስና በኦሞ ዳር ማሽላ የሚዘራ ቤተሰብ አንድ አባሉ ቢታመምበት፣ ክኒኑም ሆነ ቀጠሮው ከዚህ ኑሮ ጋር ካልተስማማ አይዘልቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሦስቱን ድርሻ ለይቶ ማሳየትና እንዴት እንደሚደጋገፉ ማስረዳት ነው።

በቅድሚያ መታረም ያለበት «እንዲህ ያለው ሕመም የከተማ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ነው። በቦረና አርብቶ አደሮች ዘንድ ቀደም ሲል በመጠይቅ በተደረገ ዳሰሳ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው አልተገኘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ተከታይ ጥናት ግን ማኅበረሰቡን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎችን በማነጋገር ሕሙማን መኖራቸውን አረጋገጠ። በሕዝቡ አነጋገርና ግንዛቤ ያልተቃኘ መጠይቅ ያለውን ሕመም እንደሌለ ሊያስቆጥር ይችላል። የኛንጋቶም ቋንቋ ከቱርካናና ከቶፖሳ ጋር የሚቀራረብ የናይሎቲክ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ «ድባቴ» የሚለውን የአማርኛ ቃል ተርጉሞ ከመጠየቅ ይልቅ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ከብት መጠበቅን ስለ መተውና ከሰው ስለ መራቅ መጠየቅ ይሻላል።

መድኃኒት ምትክ የማይገኝለት ቦታ አለው። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ቤተሰቡን ሁሉ በጠላትነት የሚጠረጥር ሰው በምክር ብቻ አይድንም። እንደ ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች እነዚህን ምልክቶች ያበርዳሉ። ለከባድ ድባቴ የሚታዘዙት ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ውጤታቸው ጎልቶ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ታማሚ «አልሠራልኝም» ብሎ ቶሎ ሊያቋርጥ ይችላል። በአገራችን መድኃኒት ማዘዝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሥራ ባይሆንም፣ መድኃኒቱ ለምን እንደሚቋረጥ መረዳት ግን ሥራው ነው።

እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የቡታጅራ አካባቢ ጥናት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች መድኃኒት የሚያቋርጡበት ምክንያት ሲጠና፣ ከዋና ዋናዎቹ አንዱ መድኃኒቱ የሚጨምረውን የምግብ ፍላጎት የሚያረካ እህል በቤት አለመኖሩ ሆኖ ተገኘ። ከውጭ ሲታይ ቸልተኝነት የሚመስለው ነገር ከረኃብ ራስን መከላከል ነበር ማለት ነው። ድርቅ ከብት በሚጨርስበት አካባቢ ሐኪሙ «ክኒኑን ወስደሃል?» ከማለቱ በፊት «ቤት ውስጥ ምን ይበላል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።

በአንጻሩ መከራ ሁሉ ሕመም አይደለም። በላይኛው ተፋሰስ የጊቤ 3 ግድብ ከተሠራ በኋላ የኦሞ ዓመታዊ ሙላት ተለውጧል፤ ወንዙ ያጠጣው የነበረ ማሳው ደርቆ የቀረበት ሰው ቢያዝንና እንቅልፍ ቢያጣ፣ ሐዘኑ ምክንያት ያለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የአእምሮ ሕመም ለሌለበት ሐዘንተኛ ቤንዞዲያዘፒን የተባሉት ማስታገሻዎች እንዳይሰጡ ይመክራል። ለእንዲህ ያለው ጭንቀት ችግርን ለይቶ ደረጃ በደረጃ መፍታትን የሚያስተምር አጭር የምክክር ሕክምና ይጠቅማል። ይህንንም የግድ ዲግሪ ያለው ባለሙያ ብቻ አይሰጠውም። በዚምባብዌ ሐራሬ ሥልጠና ያገኙ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ እናቶች፣ በጤና ጣቢያ ቅጥር ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰጡት ምክክር የድባቴ ምልክቶችን እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ከባድ ሕመም ላለበት ሰውም መድኃኒትና ድጋፍ አብረው ሲሄዱ ውጤቱ ይሻላል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ በጤና ተቋም ከሚሰጠው ሕክምና በተጨማሪ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤት ለቤት የጎበኟቸው የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች፣ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ሥራቸውን የማከናወን ችሎታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ እንደተሻሻለ አረጋግጧል።

ከእነዚህ ማስረጃዎች ተነሥቶ ለካንጋተንና ለመሰል አካባቢዎች ሦስት ሐሳቦችን ማቅረብ ይቻላል። አንደኛ፣ ሐኪም ተገቢ ሆኖ ሲያገኘው፣ በየቀኑ ከሚዋጥ ክኒን ይልቅ በየጥቂት ሳምንታት የሚወሰድ እንደ ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት ያለ መርፌ ለተንቀሳቃሽ ቤተሰብ ሊስማማ ይችላል፤ ቀጠሮውም ከብቱ ወደ ካንጋተን ከሚቀርብበት ወቅት ጋር ይታሰብ። ሁለተኛ፣ የምግብ ዕርዳታ ሲደለደል ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው የሚገኝበት ቤት ይታወስ። ሦስተኛ፣ በምክክር ሕክምና የሚሠለጥኑት ቋንቋውን በአፍ የፈቱ፣ በሽማግሌዎችም ዘንድ የሚታመኑ ወንዶችና ሴቶች ይሁኑ።

መድኃኒት ምልክትን ያበርዳል፣ ምክክር መንገድ ያሳያል። ታማሚው ዳነ የሚባለው ግን ጧት ተነሥቶ ከወንድሞቹ ጋር ከብቱን ይዞ ሲወጣ ነው፤ የሕክምናችንም መለኪያ ይኸው ሊሆን ይገባል።