ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለው የሐበሾች ደጅ

ልደታ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሥነ ሕንፃ የሚማር ወጣት ሮማን የማየት ዕድል ቢገጥመው፣ መጀመሪያ የሚገሰግሰው ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ነው። አይፈረድበትም። ባሲሊካውን ዞሮ ከመቅደሱ በስተጀርባ ቢደርስ ግን፣ ልደታ ማርያምን እየተሳለመ ላደገ ልጅ ይበልጥ የሚቀርብ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ፦ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ።

ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ ከሚታየው ባሲሊካ ይቀድማል። አሮጌው ቅዱስ ጴጥሮስ ፈርሶ አዲሱ ሲሠራ በዙሪያው የነበሩ ብዙ ሕንፃዎች ጠፉ፤ ይህ ተረፈ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከኢየሩሳሌም ባሕር ተሻግረው ለሚመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መጠጊያ ተደረገ።

መጠጊያው ውሎ አድሮ የትምህርት ቤት ያህል ሆነ። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ሮማ ካገኛቸው መነኮሳት ግእዝ ተምሮ በ1513 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። ከዚያም የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን መጣ። በግራኝ ጦርነት ዘመን አገሩን ትቶ የተሰደደው ይህ ሰው በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተመ። ሥራው እንዴት ከባድ እንደነበር ማሰብ አያዳግትም፤ አታሚዎቹ ፊደሉን አያነቡም፣ አባቶቹ የማተሚያውን ሙያ አያውቁም። ስለ ስህተቱ አንባቢን ይቅርታ የጠየቁትም እዚያው መጽሐፍ ላይ ነው። ተስፋ ጽዮን አፅሙ ያረፈው በዚሁ በቅዱስ እስጢፋኖስ ነው።

አማርኛ ለዚህ ቤት ያለበት ዕዳ ከሁሉ ይበልጣል። በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሮማ መጥቶ በዚሁ ቤት የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። መጀመሪያ የተግባቡት በግእዝ ነበር። ሉዶልፍ ቃል ይጠይቃል፣ ሊቁ ይፈታል፤ የአማርኛው ሥርዓት፣ የአገሩ ታሪክና ልማድ እንዲህ እየተነገረ ተጻፈ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ተጋብዘው ጀርመን አገር እስከ ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው ሥራውን ቀጠሉ።

የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የታተሙት በ1698 ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከዚያ 40 ዓመት ቀድሞ፣ በ1658፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጥመው ሞተዋል።