ኮንክሪት ወደ ኋላ አይመለስም፦ የቤት ማስፋፊያን እንደ ሶፍትዌር ሰው ማቀድ

እዚህ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ አማርኛ ኪቦርድ፣ ስለ ፎንትና ስለ ስልክ መተግበሪያ ነው። ዛሬ ግን ስለ ቤት ልጻፍላችሁ። ለንደን ውስጥ ባለው ቤታችን ጀርባ 3 ሜትር የሚወጣ ክፍል አሠርተናል። ምክንያቱ እናቴ ናት። የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው፤ ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ብሏታል፤ መኝታ ቤቱም መታጠቢያውም ግን ፎቅ ላይ ነበሩ። ታች ወለል ላይ መኝታ ክፍልና ሻወር የግድ ሆነ። ገንዘቡም የዓመታት ቁጠባችን ነው።

ኮድ የምንጽፍ ሰዎች አንድ መጥፎ ልማድ አለን። «መጀመሪያ እንጀምር፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» እንላለን። ጊት እስካለ ድረስ ወደ ትናንቱ ኮድ መመለስ የደቂቃ ሥራ ነው። የፈሰሰ ኮንክሪት ግን ወደ ኋላ አይመለስም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው፦ በግንባታ ጊዜና ገንዘብ የሚቆጥበው ፍጥነት ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው፤ ቅደም ተከተሉን የሚያውቁት ደግሞ ባለሙያዎቹ ናቸው።

1. መጀመሪያ መስፈርቱ፣ ከዚያ ሥዕሉ

አርክቴክት ዘንድ «3 በ5 ሜትር ክፍል እፈልጋለሁ» ብላችሁ አትሂዱ። ያ መፍትሔ እንጂ መስፈርት አይደለም። እኔ ያደረግኩት ከእናቴ ጋር ቁጭ ብዬ የምትፈልገውን በአማርኛ ዝርዝር መጻፍ ነው። አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሌሊት ብቻዬን ተነስቼ፣ መብራት አብርቼ፣ ምንም ሳያደናቅፈኝ ሽንት ቤት ደርሼ እመለሳለሁ።» ሶፍትዌር ሠሪዎች ይህን ወዲያው ታውቁታላችሁ፤ የተጠቃሚ ታሪክ ነው፤ ሥራው ሲያልቅም ተሞክሮ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ሊባል ይችላል።

አርክቴክቷ ዝርዝሩ ተተርጉሞ ሲደርሳት እኔ የማላስባቸውን ነገሮች አወጣችበት። ሻወሩ እርከን የሌለው፣ ወለሉ ወደ ፍሳሹ ያዘነበለ ይሁን አለች። የበሩን ስፋት አንድ ቀን ምርኩዝ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ቢመጣስ ብላ ወሰነች። እናቴ «ቡና እቆላለሁ» ብላ ስላስጻፈች፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ማንቂያ ጭስ ሳይሆን ሙቀት የሚለካ እንዲሆን አደረገች፤ ጭስ የሚለካው በየቆላች ቁጥር ይጮህ ነበር። ከሁሉም በላይ አዲሱ መኝታ ክፍል መግቢያው በወጥ ቤቱ በኩል ስለሆነ፣ እሳት ቢነሳ በቀጥታ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ በር ወይም መስኮት እንደሚያስፈልገው ነገረችን። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ የእናቴ ሕይወት ነው።

2. ማን ምን ይወስናል?

አርክቴክት ቦታውን፣ ብርሃኑንና አጠቃቀሙን ይነድፋል። እንግሊዝ ውስጥ «አርክቴክት» የሚለው ማዕረግ በ1997 በወጣ ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ሰውየው በይፋ መዝገብ ላይ መኖሩን ማጣራት ትችላላችሁ። ስትራክቸራል ኢንጂነር ክብደቱን ያሰላል፤ የኋላው ግድግዳ ሲፈርስ ፎቁን የሚሸከመው የብረት ቢም ምን ያህል መሆን እንዳለበትና መሠረቱ ምን ያህል መጥለቅ እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው። የሕንፃ ተቆጣጣሪው ሥራው ደንቡን ማሟላቱን ያያል። ሰርቬየር በእናንተና በጎረቤት መካከል ያለውን የጋራ ግድግዳ ጉዳይ ይይዛል። ሥራ ተቋራጩ ይገነባል።

በሥራ ሠንጠረዣችን ላይ ለእያንዳንዱ ውሳኔ አንድ ባለቤት ብቻ ጻፍኩ። ተቋራጩ «ቢሙን ትንሽ ብናሳንሰውስ?» ቢል፣ መልሱ የእኔ አይደለም፤ የኢንጂነሩ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚመልሰው ጥያቄ ጭቅጭቅ አይወልድም።

3. ሁለት ፈቃድና አንድ ጎረቤት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። የፕላን ፈቃድና የግንባታ ደንብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው «እዚህ ቦታ ላይ ይህን መሥራት ይቻላል ወይ?» ይላል፤ ሁለተኛው «የተሠራው ይጸናል፣ ይሞቃል፣ ከእሳት ይጠብቃል ወይ?» ይላል። አንዱን ማግኘት ሌላውን አይተካም።

እንግሊዝ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ የኋላ ማስፋፊያ ከቀድሞው የኋላ ግድግዳ ከ3 ሜትር በላይ ካልወጣ፣ ለብቻው ለቆመ ቤት ደግሞ ከ4 ሜትር በላይ ካልወጣ፣ ቁመቱም ከ4 ሜትር ካልበለጠና ሌሎች መስፈርቶችን ካሟላ፣ የፕላን ማመልከቻ ላያስፈልገው ይችላል። ለካውንስሉ አስቀድሞ በማሳወቅ እስከ 6 እና 8 ሜትር የሚኬድበት መንገድም አለ። አፓርታማ ግን ይህ መብት የለውም። ማመልከቻ ባያስፈልግም የሕጋዊነት ማረጋገጫ ወረቀት ከካውንስሉ መጠየቅ ይቻላል፤ ቤቱን የምትሸጡ ቀን ገዢው ይፈልገዋል።

ሦስተኛው የ1996ቱ የጋራ ግድግዳ ሕግ ነው። በጋራ ግድግዳ ላይ ቢም ለማሳረፍ ለጎረቤት ከ2 ወር በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ከጎረቤት ሕንፃ በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ ከእሱ መሠረት ጠልቆ ለመቆፈር ደግሞ ከ1 ወር በፊት። ጎረቤት በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተስማማ አለመግባባት እንዳለ ይቆጠርና ሰርቬየር ይገባበታል።

ሌላ አገር የምትኖሩ ቁጥሮቹን አትውሰዱ፤ የየአካባቢው ሕግ የተለያየ ነው። ጥያቄዎቹን ግን ውሰዱ፦ ቦታው ይፈቅዳል? ሕንፃው ይጸናል? ጎረቤት ይነካል?

4. የጥገኝነት ግራፍ

አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። እያንዳንዱን ሥራ ነጥብ፣ «ይህ ሳያልቅ ያ አይጀመርም» የሚለውን ቀስት አድርጉት። ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ያለው የእኛ ዕቅድ፣ ከነግምቱ፣ ይህን ይመስል ነበር፦

ሀ. የአርክቴክት ሥዕል፦ 4 ሳምንት
ለ. የኢንጂነር ስሌት (ከሀ በኋላ)፦ 3 ሳምንት
ሐ. የግንባታ ደንብ ማጣራት (ከለ በኋላ)፦ 5 ሳምንት
መ. የጎረቤት ማሳወቂያ (ከለ በኋላ)፦ 9 ሳምንት
ሠ. የሕጋዊነት ማረጋገጫ (ከሀ በኋላ)፦ 8 ሳምንት

ግንባታው የሚጀመረው ሐ፣ መ እና ሠ ሁሉም ሲያልቁ ነው። መንገዶቹን ደምሩ። በሐ በኩል 4+3+5 = 12 ሳምንት። በሠ በኩል 4+8 = 12 ሳምንት። በመ በኩል 4+3+9 = 16 ሳምንት። ረጅሙ መንገድ ወሳኙ መንገድ ይባላል፤ የመጀመሪያውን ቀን የሚወስነው እሱ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ 4 ሳምንት ትርፍ ጊዜ አላቸው። ስለዚህ ካውንስሉን ለማፋጠን ገንዘብ ብናወጣ አንድ ቀን እንኳ አናተርፍም ነበር።

ለምንድን ነው መ ከለ በኋላ የመጣው? መልሱ ከመሬት በታች ነው። የለንደን አፈር በአብዛኛው ሸክላ ነው፤ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ሲርስ ያብጣል። ትልቅ ዛፍ አጠገቡ ካለ ውኃውን ስለሚመጠው እንቅስቃሴው ይብሳል። ጓሮው ጫፍ ላይ ዛፍ ነበር። ኢንጂነሩ ዛፉን አይቶ መሠረቱ ከጠበቅነው ጠልቆ እንዲቆፈር ወሰነ። ጠለቅ ሲል ከጎረቤት መሠረት በታች ወረደ፤ ስለዚህ የቁፋሮው ማሳወቂያም ከቢሙ ማሳወቂያ ጋር አብሮ ግዴታ ሆነ። የቁፋሮ ማሳወቂያ ደግሞ ጥልቀቱን የሚያሳይ ሥዕል ይጠይቃል። ዛፍ፣ አፈር፣ ጥልቀት፣ ጎረቤት፣ ቀን፤ አንዱ ቀስት ወደ ሌላው ይወስዳል። ይህን ሰንሰለት ማንኛውም ሶፍትዌር ሊሥለው ይችላል፤ ዛፉን አይቶ የመጀመሪያውን ቀስት የሚያስገባው ግን ባለሙያው ነው። የተጨማሪው ቁፋሮ ወጪም ሠራተኛ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ሳይሆን ወረቀት ላይ እያለ ታወቀ።

መፍትሔውም ከግራፉ መጣ። ጎረቤት በጽሑፍ ከተስማማ 2 ወሩን ሙሉ መጠበቅ አያስፈልግም። ማሳወቂያው በፖስታ ከመድረሱ በፊት እናቴና ባለቤቴ ጎረቤታችንን ቡና ጠሯት፤ ሥዕሉን አሳይተው ሥጋቷን ጠየቁ። ሥጋቷ ግድግዳዋ እንዳይሰነጠቅ ነበር። ሰርቬየሩ ከሥራው በፊት ግድግዳዋን በፎቶ መዘገበላትና ፈረመች። ወሳኙ መንገድ ከ16 ወደ 12 ሳምንት ወረደ። ከዚያ በታች ግን አይወርድም፤ አሁን ሐ እና ሠ ወሳኝ ሆኑ። አንዱን ማነቆ ስትፈቱ ሌላው እንደሚወጣ ኮድ ስታፋጥኑ ታውቁታላችሁ።

መሞከር የምትፈልጉ ፓይተን ከ3.9 ጀምሮ ግራፍሊብ የሚባል ሞጁል አለው፤ ሥራዎቹን ከነጥገኝነታቸው ስትሰጡት በቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። ክብ ጥገኝነት ካለም ስህተት ያወጣል። ለአንድ ቤት ግን ጉግል ሺትስ ይበቃል።

5. የሥዕል ቅጂ፣ የአማርኛ ጽሑፍና ሰዓት

እያንዳንዱ የአርክቴክት ሥዕል ጥግ ላይ የማሻሻያ ፊደል አለው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ይቀጥላል። ቧንቧ ሠራተኛው በዋትስአፕ የተላለፈለትን የድሮውን ሥዕል ይዞ የሻወሩን ፍሳሽ በቀድሞው ቦታ ምልክት አድርጎ ነበር። አርክቴክቷ ለጉብኝት መጥታ የደረሰችበት ኮንክሪቱ ሊፈስ 2 ቀን ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ የጋራ ፎልደር ብቻ ሆነ፤ የድሮው ወደ መዝገብ ቤት ይገባል፤ በሩ ላይ ደግሞ ወደ ፎልደሩ የሚወስድ ኪውአር ኮድ ተለጠፈ።

እናቴ ሥዕሉን እንድታነብ የክፍሎቹን ስም በአማርኛ አስጻፍን። መጀመሪያ የወጣው ፒዲኤፍ ባዶ ሳጥን ብቻ ነበር። የሥዕል ሶፍትዌሩ የቆየ የመስመር ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ተጭኖ፣ ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ አብሮ እንዲቀመጥ ሲደረግ ተስተካከለ።

ሰዓትም አለ። ቀን ቤት የምትውለው እናቴ ናት፤ በር የምትከፍተውም እሷ። ለእሷ «3 ሰዓት» ጠዋት ነው፤ ለሠራተኞቹ ከሰዓት በኋላ። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ ሁልጊዜ ሁለቱንም እንጽፋለን፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 09:00።

6. ክፍያና ፍተሻ

ክፍያን ከወር ጋር ሳይሆን ከተጠናቀቀ ሥራ ጋር እሰሩት። መሠረቱ ታይቶ ሲሞላ፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ጣሪያው ዝናብ ሲያቆም፣ ቱቦና ሽቦ ሲዘረጋ፣ ልስኑ ሲያልቅ። ከእያንዳንዱ ክፍያ ትንሽ መቶኛ፣ ለምሳሌ 5፣ ያዙ፤ ጉድለቶቹ ተስተካክለው ሲያልቁ ይለቀቃል። ዋጋ ስትጠይቁ 20 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ተካትቶ እንደሆነ አጣሩ። መጠባበቂያ ገንዘብም ለብቻው አስቀምጡ፤ ሶፋ መግዣ አይደለም።

ለውጥ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ዋጋውና የሚጨምረው ቀን በጽሑፍ ሳይሰፍር ሥራው አይጀመር። በቃል «እሺ» የተባለ ለውጥ መጨረሻ ላይ ሁለት የተለያየ ትዝታ ይሆናል።

ተቆጣጣሪው የሚመጣው ነገሮች ከመሸፈናቸው በፊት ነው፦ ጉድጓዱ ከመሞላቱ፣ ፍሳሹ ከመቀበሩ፣ ቢሙ ከመሸፈኑ በፊት። ሳይታይ የተሸፈነ ሥራ እንዲገለጥ ሊታዘዝ ይችላል። እናንተም ልስን ከመለሰኑ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ከሜትር ጋር ፎቶ አንሱ፤ ከዓመታት በኋላ ሚስማር የምትመቱ ቀን ቧንቧው የት እንዳለ ታውቃላችሁ። በመጨረሻም የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬቱን ሳትቀበሉ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ።

በዚህ ዓመት ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ተቋራጭ ከመፈለጋችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። በቤቱ የሚኖሩትን ሰዎች መስፈርት በራሳቸው ቋንቋ ጻፉ። ኢንጂነር ጓሮውን በዓይኑ እንዲያይ አድርጉ። ጎረቤታችሁን ቡና ጥሩ። ሠንጠረዡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። መልካም ሥራ።