የሐሸንጌ ወፎች

ከመቀሌ በማለዳ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው፣ ማይጨውን አልፎ ኮረም ሳይደርስ ሰፊ ውሃ ያያል። ሐሸንጌ ሐይቅ ነው። ቦታው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ አለውና ጋቢ አትርሱ።

ወደ ውሃው ቀስ ብላችሁ ተጠጉ። ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ነጭ የሆነ ወፍ ሲዋኝ ታያላችሁ። በመራቢያው ወራት ግንባሩ ላይ ሁለት ቀይ ጉብታ ያወጣል። እሱ የአገር ልጅ ነው። ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሰፋው ዳክዬ ግን እንግዳ ነው። አውሮፓና እስያ ብርድ ሲጠና በብዛት ይመጣል፤ በጋውን እኛ ዘንድ ቆይቶ ይመለሳል። የይለፍ ወረቀት የሚጠይቀው የለም!

ከሐሸንጌ የሚወጣ ወንዝ የለም። ዝናብ ከተራራው ጠርጎ ያመጣው አፈር እዚያው ይቀራል፤ ሐይቁም ይደለላል። ውሃው ከጎደለ ወፉ የት ይረፍ? ዳገቱ ላይ ገበሬው የሚሠራው የድንጋይ እርከን አፈሩን ማሳው ላይ ይይዘዋል።