ስማርት ቆጣሪንና የቤት ዕቃዎችን የሚያገናኝ ገመድ አልባ ኔትወርክ፦ አሠራሩ፣ ጥቅሙና የደንበኛው መብት

የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ለረጅም ዘመን የነበረው ተግባር አንድ ብቻ ነው፤ ቤተሰቡ የተጠቀመውን ኃይል በኪሎዋት ሰዓት ቆጥሮ ማሳየት። ደንበኛው የወሩን ፍጆታ የሚያውቀው ቆጣሪው ተነቦ ሂሳቡ ከወጣ በኋላ ነበር። ባለካርድ ቆጣሪ ከመጣ ወዲህ ቀሪ ሂሳብን በማንኛውም ሰዓት ማየት ተችሏል። ይሁን እንጂ ከተሞላው ሂሳብ ውስጥ ምጣዱ ስንቱን፣ ቦይለሩ ስንቱን፣ ፍሪጁ ስንቱን እንደወሰደ ባለካርድ ቆጣሪም አይናገርም። ገመድ አልባ የቤት ውስጥ የኢነርጂ አስተዳደር ኔትወርክ ይህንን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጀ ቴክኖሎጂ ነው።

የኔትወርኩ ክፍሎች

ኔትወርኩ በአጠቃላይ አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ፍጆታን በአጭር ጊዜ ልዩነት የሚመዘግበውና መረጃ መላክና መቀበል የሚችለው ስማርት ቆጣሪ ነው። ሁለተኛው ከቆጣሪው ጋር ተያይዞ ወይም ለብቻው ተቀምጦ መረጃውን የሚያስተላልፈው ማገናኛ መሣሪያ ነው። ሦስተኛው ለቤተሰቡ ፍጆታውንና ወጪውን የሚያሳየው ትንሽ ስክሪን ወይም የስልክ መተግበሪያ ነው። አራተኛው ደግሞ በኔትወርኩ ትእዛዝ የሚሰጣቸውን ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ስማርት ሶኬቶችን፣ የቦይለር መቆጣጠሪያንና የመሳሰሉትን ያካትታል።

በዚህ ረገድ ሁለት የተለያዩ ግንኙነቶችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ቆጣሪው ከአገልግሎት ሰጪው ተቋም ጋር የሚያደርገው የርቀት ግንኙነት ሲሆን፣ በሞባይል ኔትወርክ፣ በራሱ በኤሌክትሪክ መስመሩ ወይም በሌላ የሬዲዮ ሥርዓት ሊከናወን ይችላል። ሁለተኛው በቤቱ ውስጥ ብቻ የሚሠራው የአጭር ርቀት ግንኙነት ነው። አንድ ቆጣሪ የመጀመሪያው ኖሮት ሁለተኛው ላይኖረው ይችላል። በመሆኑም “ስማርት” የሚል ስም ያለው ቆጣሪ ሁሉ ከቤት ዕቃዎች ጋር ይገናኛል ማለት አይደለም።

ግንኙነቱ እንዴት ይሠራል?

በቤት ውስጥ ለሚደረገው ግንኙነት በስፋት ከሚታወቁት ቴክኖሎጂዎች አንዱ ዚግቢ ነው። መሠረቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ባለቁጥር 802.15.4 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሲሆን፣ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ በሰከንድ እስከ 250 ኪሎቢት ያስተላልፋል። ይህ ፍጥነት ከዋይፋይ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ሆኖም የቆጣሪ ንባብ ጥቂት ቁጥሮች ብቻ በመሆኑ ከበቂ በላይ ነው። በምላሹም መሣሪያዎቹ የሚፈጁት ኃይል አነስተኛ ስለሆነ በባትሪ ለዓመታት ሊሠሩ ይችላሉ።

የዚግቢ ሌላው ባሕርይ ቅብብሎሽ ነው። ከሶኬት ኃይል የሚያገኝ እያንዳንዱ መሣሪያ የሌላውን መልእክት ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ማሳለፍ ይችላል። ስለዚህ ከቆጣሪው ርቆ በጓዳ የሚገኝ ዕቃ በመካከል ባለ ሌላ መሣሪያ አማካይነት ይገናኛል። መብራት ሲቋረጥ ግን ቅብብሎሹም አብሮ ይቋረጣል፤ ኃይሉ ሲመለስ መሣሪያዎቹ እንደገና ይገናኛሉ።

የታላቋ ብሪታንያ ልምድ የአሠራሩ ጥሩ ማሳያ ነው። በዚያ ሀገር ስማርት ቆጣሪ የሚተከልለት ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ፍጆታውን በየ10 ሰከንዱ ገደማ የሚያሳይ ስክሪን ይቀርብለታል። በባትሪ የሚሠራው የጋዝ ቆጣሪ ደግሞ ባትሪውን ለመቆጠብ መረጃ የሚልከው በየግማሽ ሰዓቱ ነው። የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ወፍራም ግድግዳን አልፎ መድረስ በሚቸገርባቸው ሕንፃዎች በ868 ሜጋኸርትዝ የሚሠሩ ማገናኛዎች ጥቅም ላይ ውለዋል።

ከዚህ ልምድ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቆጣሪው በግቢ አጥር ላይ፣ በብረት ሳጥን ውስጥ ወይም በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ከሌሎች ቆጣሪዎች ጋር በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ከተተከለ፣ ሞገዱ ወደ ቤቱ ውስጥ መድረሱ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ብረት የሬዲዮ ሞገድን በእጅጉ ያግዳልና።

ለቤተሰብ ምን ይጠቅማል?

ኔትወርኩ በራሱ የኤሌክትሪክ ወጪን አይቀንስም። ወጪን የሚቀንሰው ቤተሰቡ ያገኘውን መረጃ መሠረት አድርጎ የሚወስደው እርምጃ ነው።

ለምሳሌ 3.5 ኪሎዋት ኃይል የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ያለማቋረጥ ለሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በሳምንት ሁለት ጊዜ በዚሁ መጠን የሚጋግር ቤተሰብ በአራት ሳምንት ለምጣዱ ብቻ 56 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል። በሀገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በወርሃዊ ፍጆታ መጠን በእርከን የተከፋፈለ ሲሆን፣ ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ነው። ስለዚህ ምጣዱ ብቻውን ቤተሰቡን ከዚህ እርከን ያሻግረዋል። ፍጆታውን በየዕለቱ የሚያይ ቤተሰብ ምጣዱ ከጋለ በኋላ ተከታትሎ በመጋገር፣ ቦይለሩን በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ በማብራትና በመሳሰሉት መንገዶች ብክነትን መቀነስ ይችላል።

የማይታየው ፍጆታም ቀላል አይደለም። ሳይጠፋ በተጠባባቂነት የሚቆይና 10 ዋት የሚወስድ አንድ ዕቃ በ30 ቀናት ውስጥ 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይህም ከላይ ከተጠቀሰው የአንድ ቀን የእንጀራ መጋገር ፍጆታ ይበልጣል።

የመጠቀሚያ ሰዓትን መቀየር ግን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም። ታሪፍ በሰዓት በሚለያይባቸው ሀገሮች ኔትወርኩ ዕቃዎችን ዋጋ በሚቀንስበት ሰዓት በማሠራት የቤተሰቡን ወጪ ይቀንሳል። ታሪፉ በሰዓት የማይለያይ ከሆነ የሰዓት ለውጡ የሂሳቡን መጠን አይቀይርም፤ የሚያስገኘው ጥቅም በምሽት በትራንስፎርመርና በመስመር ላይ የሚደርሰውን ጫና ማቃለል ነው።

የመረጃ ምስጢራዊነትና ደኅንነት

በአጭር ጊዜ ልዩነት የሚመዘገብ ፍጆታ ስለ ቤተሰቡ ብዙ ይናገራል። ጆርጅ ሃርት የተባሉት ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ቦታ ብቻ የሚለካ የቤት አጠቃላይ ፍጆታ ተተንትኖ የትኛው ዕቃ መቼ እንደበራና እንደጠፋ መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። ከዚህ መረጃ ሰው ቤት መኖሩን፣ ስንት ሰዓት እንደሚነሳና እንደሚተኛ መገመት አያዳግትም። በዚህ ሥጋት ምክንያት የኔዘርላንድስ የላይኛው ምክር ቤት በ2009 እ.ኤ.አ. ስማርት ቆጣሪን አስገዳጅ የሚያደርገውን ረቂቅ ሕግ ሳይቀበለው ቀርቷል፤ በኋላም ደንበኛው ቆጣሪውን ያለመቀበል መብት እንዲኖረው ተደርጓል።

በሀገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለታወቀና ሕጋዊ ለሆነ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል። ባለመረጃው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተው እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት አለው። በመሆኑም ማንኛውም ደንበኛ ፍጆታው በየስንት ጊዜ እንደሚመዘገብ፣ ማን እንደሚያየውና ለምን ዓላማ እንደሚውል የመጠየቅ መብት አለው።

ዚግቢ በመሣሪያዎች መካከል የሚተላለፈውን መልእክት በ128 ቢት ቁልፍ ያመሰጥራል። አብዛኛውን ጊዜ አደጋ የሚገባው በሌላ በር ነው፤ ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃል ሳይቀየር ሲቀር፣ መተግበሪያው ሳይታደስ ሲቆይ ወይም የቤቱ ኢንተርኔት ለብዙ ሰው ክፍት ሲሆን ነው።

ከመግዛትና ከማስተከል በፊት

መሣሪያዎቹን ለመጠቀም የሚፈልግ ደንበኛ የሚከተሉትን ነጥቦች ማረጋገጥ ይኖርበታል፦

1. የቤቱ ቆጣሪ የቤት ውስጥ ግንኙነት ያለው መሆኑንና አገልግሎቱ ክፍት መሆኑን ከአገልግሎት መስጫ ማዕከል መጠየቅ። ግንኙነቱ ባይኖርም ፍጆታን ራሳቸው የሚለኩ ስማርት ሶኬቶችን ለየዕቃው መጠቀም ይቻላል።

2. የሶኬቱን የመሸከም አቅም ማየት። በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። 10 አምፔር የተጻፈበት ሶኬት መሸከም የሚችለው 2,200 ዋት ብቻ ነው። ምጣድን በእንዲህ ያለ ሶኬት መሰካት ሶኬቱን ሊያቀልጥና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ለምጣድና ለቦይለር የተለየ መስመርና ተስማሚ መቆጣጠሪያ በባለሙያ መዘርጋት አለበት።

3. መሣሪያው ከሌሎች ጋር የሚግባባበትን ቴክኖሎጂ መለየት። የዚግቢ መሣሪያ ተስማሚ ማገናኛ ከሌለ በዋይፋይ ብቻ አይሠራም።

4. የሬዲዮ ሞገድ የሚጠቀም መሣሪያ በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቀባይነት ያገኘ ዓይነት መሆኑን ሻጩን መጠየቅ።

5. የቆጣሪውን እሽግ በማንኛውም ምክንያት አለመክፈት። በቆጣሪው ላይ ወይም ከእርሱ በፊት ባለው መስመር ላይ ሥራ መሥራት የሚችለው የአገልግሎት ሰጪው ተቋም ባለሙያ ብቻ ነው። ከቆጣሪው በኋላ ላለው መስመር የብቃት ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪሺያን መጠቀም ይገባል።

6. ቆጣሪ ለመቀየር ወይም “ለማገናኘት” መጣሁ የሚል ሰው መታወቂያውን እንዲያሳይ መጠየቅ፣ የይለፍ ቃል ወይም የሂሳብ መሙያ ቁጥር አለመስጠት።

በቆጣሪ አሠራር፣ በፍጆታ ሂሳብ ወይም በመረጃ አያያዝ ላይ ጥያቄ ወይም ቅሬታ ያለው ደንበኛ የደንበኝነት ቁጥሩን ይዞ በአቅራቢያው በሚገኝ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የአገልግሎት መስጫ ማዕከል በአካል መቅረብ ወይም በ905 የጥሪ ማዕከል መደወል ይችላል። ቅሬታው የቀረበበትን ቀንና የቆጣሪውን ንባብ ጽፎ መያዝ ጉዳዩን በቀላሉ ለማጣራት ይረዳል።