ወንበር ላይ የሚሰግዱ አባቶችና የወገብ ሕመማቸው

በተራዊህ ወንበር ይዘው ሶፍ የሚገቡ አባቶችና እናቶች በየመስጂዱ አሉ። መቆም ላልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ላልቻለም በጎኑ ሆኖ መስገድን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈቅደዋልና ማንም ሊያፍርበት አይገባም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ «ጎንበስ ካልኩ ወገቤ ይቆረጣል» ብለው ከሶላት ውጭም መንቀሳቀስ የተዉ ሰዎች።

ከ3 ወር በላይ የቆየ የወገብ ሕመም ሁልጊዜ አጥንት ወይም ዲስክ ተጎድቷል ማለት አይደለም። ሰው ሕመሙን ሲፈራ ይተኛል፤ ሲተኛ ጡንቻው ይደክማል፤ ጡንቻው ሲደክም ትንሽ እንቅስቃሴም ያመዋል፤ ፍርሃቱ ይብሳል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለአረጋውያንም ጭምር የአካል እንቅስቃሴንና የሥነ ልቦና ሕክምናን ያካተተው ለዚህ ነው። የወገብ ቀበቶን እንደ መደበኛ ሕክምና መስጠትን ግን አልደገፈም፤ ገበያው በቀበቶ ቢሞላም።

«የሥነ ልቦና» ሲባል «አበድኩ እንዴ?» የሚሉ አሉ። ሕመሙ የውሸት ነው ያለ የለም። ባለሙያው ስለ ፍርሃቱ ያነጋግራል፤ ፊዚዮቴራፒስቱ የተፈራውን እንቅስቃሴ በጥቂት በጥቂቱ ያስለምዳል፤ ዛሬ ከወንበር 5 ጊዜ መነሣት፣ ሲለመድ መጨመር። ከኢፍጣር በኋላ ወደ መስጂድ በእግር መሄድም ይጠቅማል። ልጆችም «አባባ፣ አርፈው ይተኙ» ከማለት ክንዳቸውን ይዘው ያራምዷቸው። ዱዓው አይቋረጥ፤ መታከምም የታዘዝነው ነው።

እግር ኃይል ካጣ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ነገ ሳይባል ሐኪም ቤት መሄድ ነው።